የቺጎንግ መምህር ልትመርጥ ለተነሣኸው ወንድሜ፦ መጀመሪያ መዝጊያውን ጠይቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በመስከረም ለማስተርስ ትምህርት ወደ ቻይናዋ ከተማ ወደ ዉሃን እንደምትሄድ፣ እዚያ ሳለህ ቺጎንግን፣ ማለትም በእንቅስቃሴ፣ በትንፋሽና በሐሳብ የሚሠራውን የቻይና ልምምድ፣ በተለይም የዳዎ (የጥንቱ የቻይና ሃይማኖት) መነኮሳት የሚሠሩትን የውስጥ ኃይል ልምምድ መማር እንደምትፈልግ፣ ሦስት መንገድም እንደቀረበልህ ጽፈሃል። አንዱ በኢንተርኔት «ትንሹን የሰማይ ዑደት በሦስት ወር እከፍትልሃለሁ» የሚል መምህር ነው፤ ዑደቱ ምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ሁለተኛው የዳዎ ቤተ መቅደሶች ባሉበት በዉዳንግ ተራራ ሥር ያለ፣ የዓመት ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው ጓደኛህ የነገረህ፣ በፓርክ በነጻ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ «ሁሉም ያው ነው፣ ዋናው ፍላጎትህ ነው» ብለውሃል፤ ግማሾቹ ደግሞ «ሰይጣን ነው፣ ተወው» ብለውሃል። በሁለቱም ምክር መምህር አይመረጥም። እኔ ዉሃን የተማርኩ፣ በዚሁ ነገር ገንዘቤንም እንቅልፌንም የተነጠቅኩ ስለሆንኩ የማውቀውን በተራ ልጻፍልህ።

1ኛ፦ መምህሩን ስለ መክፈቻው ሳይሆን ስለ መዝጊያው ጠይቀው። እያንዳንዱ ልምምድ መጨረሻ አለው። ሐሳብህን ከእምብርት በታች ዳንቲየን ወደሚባለው ቦታ ትመልሳለህ፣ መዳፎችህን እዚያ ታሳርፋለህ፣ ትንፋሽህ እስኪረጋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ እጅህን አፋትገህ ፊትህን ታብሳለህ፣ ጥቂት ትራመዳለህ። ከእውነተኛ መምህር እጅ የተማረ ሰው ይህን በመጀመሪያው ቀን ያስተምርሃል፤ ሳትዘጋ ስትነሣ ካየህም ይቆጣሃል። ስለዚህ «ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ ማጣት ቢመጣብኝ ምን ላድርግ?» ብለህ ጠይቀው። «በእኛ ዘዴ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም» ካለህ ተነሥተህ ውጣ። «ቢመጣ ጥሩ ምልክት ነው» ካለህ ደግሞ ፈጥነህ ውጣ።

2ኛ፦ ክፍያን በሚመለከት፣ ከአንድ ወር በላይ በቅድሚያ አትክፈል። ይህን ቁጥር ስጽፍ ያ ትምህርት ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ የሆነውን ልንገርህ።

የክረምት ዕረፍት ነበር። ከዉሃን በፈጣኑ ባቡር ወደ ዉዳንግ ሄድኩ። ተራራው ውብ ነው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩት ቤተ መቅደሶች በጭጋግ ውስጥ ብቅ ሲሉ ስታይ የመጣህበትን ጉዳይ ሁሉ ትረሳለህ። ትምህርት ቤቶቹም የሚነግዱት በዚሁ ስሜት ነው። እኔ የገባሁበት የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለኝ። ልብሱ ለብቻው ይከፈላል፤ ምስክር ወረቀቱ ለብቻው ይከፈላል፤ ለመምህሩ ሻይ አቅርበህ ደቀ መዝሙር የምትሆንበት ሥነ ሥርዓትም የራሱ ዋጋ አለው። ሃያ ገደማ የውጭ አገር ሰዎች ነበርን። ጠዋት ታይቺ የሚባለው ዝግተኛ እንቅስቃሴ፣ ከሰዓት በኋላ «የውስጥ ሥራ» ይባላል። አስተማሪዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ አንዱን ለመልመድ ስትጀምር በሌላ ይተካል።

የውስጥ ሥራ የተባለው እንዲህ ነው። ከጀርባ በአከርካሪ በኩል የሚወጣ፣ ዱ የሚባል መስመር አለ፤ ከፊት በደረት በኩል የሚወርድ፣ ሬን የሚባል ሌላ መስመር አለ። ምላስህን ላንቃህ ላይ ስታሳርፍ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ቺ፣ ማለትም የውስጥ ኃይሉ፣ በዚህ ቀለበት ሲዞር ትንሹ የሰማይ ዑደት ይባላል። በጥንቱ ሥርዓት ይህ የሚመጣው ሆድና ወገብ ከላሉ፣ ትንፋሽ ራሱ ወደ ታች ከረጋ በኋላ ነው፤ ማንም ገፍቶ አያስነሣውም። እኛ ግን ትንፋሻችንን ይዘን በሐሳብ እንድንገፋው፣ አናት ላይ እንድናደርሰው፣ ከዚያም በሁለቱ ቅንድቦች መካከል እንድናቆየው ታዘዝን። ስለ መውረጃው አንድም ቃል አልተነገረንም።

ብዙም ሳይቆይ በራሴ ዙሪያ ሻሽ አጥብቀው ያሰሩብኝ ያህል ጫና ይሰማኝ ጀመር። ሌሊት ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አስጠላኝ። ለአስተማሪው ነገርኩት። ፈገግ ብሎ «ቺው ወጣ ማለት ነው፣ ደስ ይበልሽ» አለኝ። ማውረጃው የሚሰጠው በቀጣዩ ደረጃ እንደሆነ አስከትሎ ነገረኝ፤ ቀጣዩ ደረጃ ደግሞ የራሱ ክፍያ አለው። ወንድሜ፣ ይህን በደንብ ልብ በል፦ መውጫውን ሸጠውልኝ መውረጃውን በሌላ ዋጋ አስቀመጡት።

ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከስልኳ ቀና አላለችም። የመክፈያው ኮድ ያለበትን ሰሌዳ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው፤ ልከፍል የመጣሁ መስሏት ነው። የቀሪውን ጊዜ ገንዘብ እንድትመልስልኝ ስጠይቃት ውሉን አውጥታ አንድ አንቀጽ አሳየችኝ። ተመላሽ የለም ይላል። ይህ አንቀጽ በቻይንኛው ቅጂ ላይ አለ፤ እኛ ፈርመን በወሰድነው በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ግን የለም። ቻይንኛ ማንበብ ስለምችል ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላት። ያኔ ኃላፊው መጣ። ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም። «የውጭ ሰዎች ትዕግሥት የላችሁም» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የገንዘቡ ነገር አይደለም። የታመመ ሰው ፊታቸው ቆሞ ስለ ትዕግሥት ማስተማራቸው ነው።

ዉሃን ስመለስ ያዳኑኝ የክፍል ጓደኛዬ አያት ናቸው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ጠዋት ጠዋት በሆንግሻን ፓርክ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚሠሩ ሴት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አልተገረሙም። «ለጊዜው ወደ ውስጥ ምንም አትሥሪ» አሉኝ። መቀመጥ የለም፣ ዓይን ጨፍኖ ማሰብ የለም። ትኩስ ምግብ መብላት፣ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ፣ ስሄድም ሐሳቤን እግሬ መርገጫ ላይ ማድረግ ብቻ። እንቅልፌ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ነገር አላስተማሩኝም። ገንዘብም አልተቀበሉኝም፤ ብርቱካን ስወስድላቸው እንኳን ግማሹን መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ይከቱት ነበር።

ከዚያ ስምንቱን እንቅስቃሴዎች፣ ባዱዋንጂን የሚባለውን፣ አስጀመሩኝ። ቀጥሎ መቆም ብቻ፤ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ጃን ጁዋንግ። አንድ ቀን ስቆም ከኋላዬ መጡና ሁለት ጣቶቻቸውን ወገቤ ላይ፣ በእምብርቴ ትይዩ፣ ሚንግመን በሚባለው ቦታ ላይ አኖሩ። በሌላኛው እጃቸው የጉልበቴን ጀርባ መታ መታ አደረጉት። ጉልበቴ ላላ፣ የጅራት አጥንቴ ትንሽ ወረደ፣ ጣቶቻቸው ያሉበት የወገቤ ጉድጓድ ሞላ፤ ትንፋሼም ማንም ሳያዘው ሆዴ ድረስ ገባ። ያን ሁሉ የከፈልኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም ሰው ወገቤን አይቶት አያውቅም ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ሆኜ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልናወጥ እቆማለሁ፤ ያ የራስ ጫናም ተመልሶ አያውቅም። በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ የኢንተርኔቱ መምህር ጉዳይ ለእኔ ተዘግቷል። ጉልበትህ መቆለፉን፣ አንገትህ መወጠሩን፣ ፊትህ መቅላቱን ሊነካህና ሊያየው የማይችል ሰው ይህን ልምምድ ሊያስጀምርህ አይገባም። ከርቀት ኃይል አስተላልፋለሁ ካለህ ደግሞ መልስ እንኳን አትጻፍለት።

ዘዴዎቹን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚደባለቅበትን ልለይልህ። ቺጎንግ የሚለው ስም ሰፊ ጥቅም ላይ የዋለው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሊዩ ጉይጄን የሚባል ሰው በልምምድ ከጨጓራ ቁስለት ዳንኩ ብሎ ነገሩን ወደ መንግሥት የጤና ተቋማት አስገባው። ልምምዶቹ ጥንታዊ ናቸው፤ የተሰጣቸው አደረጃጀት ግን አዲስና ከሃይማኖት የተለየ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የቻይና መንግሥት የስፖርት አካል አራት የጤና ቺጎንግ ዓይነቶችን በአንድ ወጥ ቅርጽ አውጥቷል፤ ባዱዋንጂን አንዱ ነው። ሙሉው ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ሚስጥርም የለበትም። ኔይዳን የሚባለው፣ አንተ «የመነኮሳቱ» ያልከው፣ ሌላ ነገር ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዋንግ ቾንግያንግ የመሠረተው፣ ጩዋንጄን የሚባለው የዳዎ ሥርዓት እንደ ምንኩስና ሕይወት ነው፤ ጾም አለው፣ የምግባር ሕግ አለው፣ ጸሎት አለው። ውስጣዊው ሥራ በዚያ ሕይወት ላይ ይቆማል። ያንን ከሕይወቱ ነቅሎ በሦስት ወር የሚሸጥልህ ሰው የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው።

ዉሃን ስትደርስ ዉቻንግ በሚባለው ሰፈር ያለውን የቻንግቹን የዳዎ ገዳም ሂድና እይ። ስሙ የዋንግ ቾንግያንግ ደቀ መዝሙር የነበረው የቺዩ ቹጂ ማዕረግ ነው። እኚህ ሰው ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ ጄንጊስ ካን አስጠርቷቸው፣ በረሃና ተራራ አቋርጠው በ1222 እ.ኤ.አ. በሂንዱኩሽ አካባቢ ካለው ሰፈሩ ደረሱ። ካኑ የማይሞቱበት መድኃኒት አለህ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ዕድሜን የሚጠብቅ መንገድ አለ፣ የማይሞቱበት መድኃኒት ግን የለም ብለው መለሱለት። በዘመኑ ዓለምን ያንቀጠቀጠ ሰው ፊት ቆመው እንዲህ ያሉ ናቸው የዚህ ትምህርት አባቶች። የአንተ የኢንተርኔት መምህር ለአንድ ተማሪ ክፍያ ሲል ምን ምን ቃል እንደገባልህ ከዚህ ጋር አስተያየው።

አንተ በጥያቄህ ስላላነሣኸው ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው እምነት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ስምንቱን እንቅስቃሴና መቆሙን እንደ አካል እንቅስቃሴ እሠራለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ዕጣን ማጠን፣ በሥዕል ፊት መስገድ፣ ደቀ መዝሙር መሆን የሚባለው ሥርዓት ግን የሃይማኖት ሥርዓት ነውና እንደ ስፖርት አድርገው ሲያቀርቡልህ አትታለል። በዉዳንግ ያን ሻይ አላቀረብኩም፤ ቂም የያዙብኝም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጤና ነው። ቻይናውያን እሳቱ መንገድ ስቶ ሰውየው ሲታወክ የሚሉት ስም አላቸው፤ ዞው ሁዎ ሩ ሞ ይሉታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከቺጎንግ ጋር የተያያዘ የአእምሮ መታወክን መዝግቦታል። እንቅልፍ ተከታታይ ሌሊት ከጠፋህ፣ ድምፅ መስማት ከጀመርክ፣ ከተለመደው ውጭ ፍርሃት ወይም ደስታ ካጥለቀለቀህ ልምምዱን ወዲያው አቁምና ሐኪም ዘንድ ሂድ። በቤተሰብህ የአእምሮ ሕመም ካለ የመቀመጡን ልምምድ ጨርሶ አትጀምር። የምትወስደው መድኃኒት ካለም ማንም መምህር እንዲያስተውህ አትፍቀድለት።

ስለ ፓርኩ አዛውንት፦ በነጻ ስላስተማሩ ብቻ ጥሩ ናቸው አልልህም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሂድና ከዳር ቁመህ ተመልከት። መምህሩን ሳይሆን አብረዋቸው ለዓመታት የቆዩትን ተማሪዎች እይ፤ ጉልበታቸው ደህና ነው? ሲጨርሱ ፊታቸው ረግቷል? እርስ በርስ ይሳሳቃሉ ወይስ መምህሩን ይፈራሉ? ሲጨርሱ ይዘጋሉ ወይስ ቦርሳቸውን አንሥተው ይሮጣሉ? ይህን አይተህ ልብህ ከወደደ ተጠግተህ ሰላም በላቸው፤ በዉሃን አዛውንት አንድ ሐበሻ ወጣት በቻይንኛ ሰላም ሲላቸው በጣም ደስ ይላቸዋል።

ለዉዳንጉ ትምህርት ቤት የዓመቱን ክፍያ ካልላክህ አትላክ። የግድ መሄድ ከፈለግህ ለአንድ ሳምንት በእንግድነት ተቀመጥ፣ በየዕለቱ ክፈል። ውል ቢያቀርቡልህ የቻይንኛውን ቅጂ ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የተመላሽ ገንዘቡን አንቀጽ ራሴ አንብቤ ምን እንደሚል እነግርሃለሁ።