ኪዩብ ይዘረጋል ወይስ ይፈታል?

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ስለ ባለአራት አውታሩ ኪዩብ (ከርዝመት፣ ከስፋትና ከቁመት ሌላ አራተኛ አውታር ማለትም አቅጣጫ ስላለው)፣ ስለ ቴሰራክት፣ ለተማሪዎች ባዘጋጀሁት ጽሑፍ «በሦስት አውታር ስንዘረጋው ስምንት ኪዩቦች እናገኛለን» ብል ባልደረባዬ «ስንፈታው» ብሎ አረመው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የእርስዎ ይሻላል። የ«አጠፈ» ተቃራኒ «ዘረጋ» ነው፤ የታጠፈ ጋቢ ይዘረጋል፣ የታሰረ ገመድ ይፈታል። «ፈታ» የመጣው ከግዕዙ «ፈትሐ» ሲሆን፣ ማሰሪያ ማላላትን ይዞ እስከ መፍረድ ይደርሳል፤ ፍትሕም ፍትሐትም ከዚሁ ሥር ናቸው። በሒሳብ ክፍል ደግሞ የሚፈታው እኩልታ ነው፤ «ኪዩቡን ፈታው» ሲባልም ተማሪው የሚያስበው ባለቀለሙን የሩቢክ ኪዩብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። እጅ መዘርጋት በግዕዝ «ሰፍሐ» ነው፤ መስፋት ደግሞ «ሰፈየ»። ሁለቱም አማርኛ ሲገቡ «ሰፋ» ሆነው ተገጣጠሙ። ኪዩብ መዘርጋትም የተሰፋውን ተርትሮ ማስፋት ነው። የካርቶን ኪዩብ ካሉት 12 ጠርዞች 7ቱን ብንተረትር፣ በ5ቱ የተያያዙ ስድስት ካሬዎች ጠረጴዛው ላይ ይነጠፋሉ፤ ይህም በ11 ዓይነት ቅርጽ ይሆናል። በቴሰራክት ግን ኪዩብ ከኪዩብ የሚያያዝበት ስፌት መስመር ሳይሆን ሙሉ ካሬ ነው፤ ከ24 ካሬዎች 17ቱ ተተርትረው 7ቱ ሲቀሩ ስምንቱ ኪዩቦች ሳይበታተኑ ይዘረጋሉ፣ የቅርጹም ዓይነት 261 ይደርሳል። ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ በ1954 እ.ኤ.አ. የክርስቶስን ስቅለት የሣለበት መስቀል ከእነዚህ አንዱ ነው፦ አራት ኪዩቦች ተደራርበው፣ ከላይ ሁለተኛውን ሌሎች አራት ይከብቡታል። በውጭ የሚታዩት 34 ገጾች ሁለት ሁለት እየሆኑ መልሰው ይሰፋሉ፤ የዓምዱ ግርጌም ከአናቱ ጋር ይጋጠማል፤ ይህ ግን በእኛ ሦስት አውታሮች ውስጥ ቅርጹን ሳያጣምሙ አይቻልም።

«የተዘረጋ ነገር ጠፍጣፋ ነው፤ የቆመ መስቀል እንዴት ተዘረጋ ይባላል?» የሚሉ አሉ። ጃንጥላ ሲዘረጋ ይጎብጣል እንጂ አይነጠፍም፤ ግሱ ጠፍጣፋነትን አያስገድድም። ከዚህም በላይ ያ መስቀል በአራተኛው አውታር አቅጣጫ ምንም ውፍረት ስለሌለው፣ ከዚያ አንጻር እንደ ዝርግ ሳህን ዝርግ ነው። ስለዚህ ለተዘረጋው ቅርጽ ስም «ዝርግ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «ዝርጋታ» ትክክል ቢሆንም የመብራትና የስልክ መስመር ስለወሰደው ለጆሮዬ አይጥመኝም።

ባልደረባዎን ግን ተሳስቷል ልል አልችልም። ካርቶን የሚያፈርስ ሰው ማጣበቂያውን እያላቀቀ «ፈታሁት» ሲል በየቀኑ እሰማለሁ፤ ይህም ከ«ፈትሐ» ጥንተ ትርጉም የራቀ አይደለም። ተማሪዎችዎ «ተፈታ» ብለው ቢጽፉ ነጥብ አይቀንሱባቸው፤ በእርስዎ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ስንዘረጋው» ይመለስ።