«51 በመቶ» የማን 51 ነው?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ስለ ቁጥር ናቸው። ዕድሜውን ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ዓምድ ሲይዝ ጣጣው ይኸው ነው። ስለ ፍቅርና ስለ ቤት ኪራይ የጻፋችሁ አትቀየሙኝ፤ ተራችሁ ይደርሳል።

*«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ። ሥራ ቤታችን ቲቪ አይጠፋም፤ ሾፌሮቹ ጎማቸው እስኪጠገን ዜና ያያሉ። ባለፈው አንዱ ቻናል ‹ስኮትላንዳውያን ከብሪታንያ ለመለየት ወሰኑ፣ ከግማሽ በላይ ደገፉ› አለ። በሳምንቱ ሌላው ‹የመገንጠሉ ድጋፍ አሽቆለቆለ› ብሎ አወራ። እኔና ባልደረባዬ ምሳ ተወራርደናል። እኔ ወስነዋል፣ አለቀ ባይ ነኝ። እሱ ድጋፉ ወርዷል፣ አለቀላቸው ይላል። ማን ይክፈል?»*
ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ። ምሳውን ግን ከፋዩ አንተ ነህ።

ስኮትላንድ አልወጣችም። ስለ ነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ያደረገችው አንዴ ብቻ ነው፤ መስከረም 8 ቀን 2007፣ በፈረንጆቹ 2014 መሆኑ ነው። «አይሆንም» ያለው 55.3 በመቶ፣ «ይሁን» ያለው 44.7 በመቶ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የስኮትላንድ ፓርላማ ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት እንደማይችል በየነ። ስለዚህ አንተ የሰማኸው የድምፅ ውጤት አይደለም፣ የአስተያየት ጥናት ነው። አንድ ድርጅት ሺህ ያህል ሰው ጠየቀ፣ ከተጠየቁት ከግማሽ የሚበልጡት ደገፉ። ዜና አንባቢው «ከተጠየቁት» የምትለዋን ዋጣት። እሷን ስትውጥ ሺህ ሰው አገር ይሆናል።

ባልደረባህም ጮቤ አይርገጥ። የእሱ «አሽቆለቆለ» ከአንተ «ወሰኑ» ብዙም አይሻልም። ለምን እንደሆነ በአንድ የታወቀ ጥናት ላሳይህ።

ቀኑ ጳጉሜን 2 ቀን 2006፣ እሑድ ነው። እኛ እዚህ ደሴ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ እናማርጣለን። ስኮትላንድ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ሰንደይ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ፣ ዩጎቭ የሚባል ድርጅት የሠራውን ጥናት ይዞ ወጣ። «ይሁን» 51፣ «አይሆንም» 49። ለንደን ተደናገጠች። በማግስቱ ሰኞ የፓውንድ ዋጋ ወረደ። ረቡዕ ዕለት ካሜሮን፣ ሚሊባንድና ክሌግ የፓርላማውን የጥያቄ ሰዓት ለሌሎች ትተው ስኮትላንድ ገቡ። ሦስት የተለያየ ፓርቲ መሪ ነው ይኼ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጥር የተነሣ።

አሁን ሠንጠረዡን እንክፈተው። ከተጠየቁት ውስጥ «ይሁን» ያሉት 47 በመቶ ናቸው። «አይሆንም» ያሉት 45። የቀሩት 8 ያህሉ ገና ያልቆረጡ ወይም ከነጭራሹ ድምፅ አንሰጥም ያሉ ናቸው። ታዲያ 51 ከየት መጣ? እነዚያን 8ቱን አውጥተህ ጣላቸው። 92 ቀረህ። 47ን ለ92 አካፍል፤ 51 ይወጣልሃል።

ስሌቱ ነውር የለበትም። አጥኚዎቹም ያልቆረጠውን ቀንሰው ማስላታቸውን አልደበቁም። ችግሩ ቁጥሩ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። «ከቆረጡት ውስጥ 51 በመቶ» የነበረው «51 በመቶው ስኮትላንዳዊ» ይሆናል። አዲስ አበባ ሲደርስ «አብዛኛው ሕዝብ»፣ ኮምቦልቻ ጎማ ቤት ሲደርስ «ወሰኑ»።

ሌላም አለ። ሺህ ሰው ያህል የሚጠይቅ ጥናት በየአቅጣጫው 3 ነጥብ ገደማ የስሕተት ወሰን አለው። 51 ያለህ 48 ሊሆን ይችላል፣ 54ም ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር 51 ለ49 ማለት ተናንቀዋል ማለት ነው፤ የትኛው እንደቀደመ አይለይም። በዚያው ሰሞን የወጡ ሌሎች ጥናቶች እኮ «አይሆንም» የሚለውን ወገን ነበር ያስቀደሙት። እንደዚያኛው ግን የጮኸላቸው አልነበረም። ደግሞ ያ 3 ነጥብ በዕጣ የመረጥከው ሰው ሲያሳስትህ የሚመጣውን ብቻ ነው የሚይዘው። ሰው በመጨረሻዋ ሳምንት ሐሳቡን ሲለውጥ፣ «እሄዳለሁ» ያለው ቤቱ ሲቀር፣ ያ አይታይም።

የባልደረባህም ጉዳይ ይኸው ነው። ትናንት አንዱ ድርጅት 51 አለ፣ ዛሬ ሌላው 49 አለ፤ ዜናው «አሽቆለቆለ» ይላል። ሁለቱ ድርጅቶች ግን የጠየቁት ሌላ ሌላ ሰው ነው፤ ያልቆረጠውን የሚቆጥሩበትም መንገድ ይለያያል። ምን ወረደ ታዲያ? ያንኑ ድርጅት፣ ያንኑ ጥያቄ፣ ካለፈው ወሩና ካቻምናው ጋር አስተያይቶ «ወረደ» ያለኝን አምነዋለሁ።

ጥያቄውም ራሱ ጉድ አለው። ለ2014ቱ ሕዝበ ውሳኔ መጀመሪያ የታሰበው «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን እንዳለባት ትስማማለህ?» የሚል ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ «ትስማማለህ» ማለቱ ሰውን ወደ «አዎ» ይገፋል ብሎ አስወጣው። ኅብረቱ አይፍረስ የሚለው «ስኮትላንድ ኢን ዩኒየን» የተባለ ቡድን ደግሞ ጥናት ሲያስጠና «በብሪታንያ ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ?» ብሎ ነው የሚያስጠይቀው። እንዲያ ሲጠየቅ የመለየቱ ድጋፍ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሕዝቡ ያው ነው፣ አገሩም ያው ነው።

ይሄ የፈረንጅ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ እዚህ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቆጣሪ ነበርኩ። አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው እኔን ሳይሆን እስክሪብቶዬን ነው የሚያዩት። «እዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?» አልኳቸው። ዞር ብለው ወደ ጓዳ አዩ። መለስ ብለው እኔን አዩ። «ስንት ብል ይሻላል?» አሉኝ። ዘይት የሚታደል መስሏቸው ነው። ስለ ገዛ ቤታቸው ሰው ቁጥር ነው እንዲህ ያሉኝ፤ ስለ አገር ዕጣ ቢጠየቁማ!

አፍሮባሮሜትር የሚባለው፣ በአገራችንም ጥናት ያካሄደው ተቋም፣ ቃለ መጠይቁን ሲጨርስ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። መንግሥት ነው የሚለው ሰው ብዙ ነው። ይህን መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። መልሱን ከነፍርሃቱ መዘኑት ማለት ነው።

ምሳው ላይ ለባልደረባህ ሽሮ ይበቃዋል። ግማሽ ነው ያሸነፈው።

*«ጋሽዬ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የምከታተለው የቴሌግራም ቻናል ‹ሶማሌላንድ እንደ ነፃ አገር እውቅና ይገባታል ወይ?› ብሎ ጠይቆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መለሰ። ከዚያ ‹አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደገፈ› ብሎ ለጠፈ። እናንተ የምታወሩላቸው ጥናቶች ሺህ ሰው ነው የሚጠይቁት። ይሄኛው አይሻልም?»*
ከደሴ

አይሻልም፣ የኔ ልጅ።

በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው የጥያቄ ካርድ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰለት። ከዚያ በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቢው። ካርዱን ሞልቶ የመለሰውም ነገሩ ያንገበገበው ነው። ጋሉፕ የተባለው ሰው ግን እጅግ ያነሰ፣ ነገር ግን ተመጥኖ የተመረጠ ሕዝብ ጠይቆ አሸናፊውን አወቀ። መጽሔቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተዘጋ።

አንቺስ ንጋት ላይ መናኸሪያ ሄደሽ የቆመውን ሁሉ «ከደሴ ልትወጣ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ፣ ከተማው ባዶ ሊቀር ነው ብለሽ ትመለሻለሽ። አንድ ሺህ ጠየቅሽ አሥር ሺህ፣ ያው ነው።

የቴሌግራሙ እንዲያውም ይብሳል። ቻናሉን የሚከተለው ሰው አስቀድሞ ሐሳቡን የወደደ ነው። ማን ከየት እንደሆነ አይታወቅም፤ ጅቡቲ ሆኖም ይነካዋል፣ ሐርጌሳ ሆኖም ይነካዋል። አንዱ ሰው በሦስት ስልክ ሦስቴ ይነካል። «ተከታዮቻችን እንዲህ አሉ» ቢሉ ማንም አይከሳቸውም ነበር። «ኢትዮጵያዊ» ያሉት ከየት አምጥተው ነው? ሠፈርሽ ሙሉ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው የለም?

*«በ2017 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ካታሎንያ ውስጥ 90 በመቶው ሕዝብ ለነፃነት ድምፅ ሰጠ ተባለ። ይሄኛው ጥናት አይደለም፣ ድምፅ ነው። ታዲያ ለምን አገር አልሆኑም? ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ ‹90 በመቶ እያለ ተከለከሉ› ይላል።»*
ከሆጤ፣ ደሴ

90ው እውነት ነው፤ «ሕዝቡ» የሚለው ነው ውሸቱ። በዚያ ቀን፣ ጥቅምት 1 በፈረንጆቹ፣ ከተመዘገበው መራጭ የወጣው 43 በመቶ ያህሉ ነው። የስፔን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ምርጫውን አግዶት ነበር። ፖሊስ ኮሮጆ ይነጥቅ ነበር። መለየቱን የማይፈልገው አብዛኛው ቤቱ ቀረ። የ43 በመቶ 90 በመቶ ሲሰላ ከመራጩ 40 አይሞላም። ይህ ማለት ደግሞ የቀሩት 60ዎቹ ተቃዋሚ ናቸው ማለት አይደለም፤ ማድሪድ ያሉ አንዳንድ ሰዎች እንዲያ ሊያስመስሉት ይፈልጋሉ። የቀረ ሰው ያልተናገረ ሰው ነው። የካታሎንያ መንግሥት የራሱ የአስተያየት ጥናት ማዕከል አለው፤ «አዎ ወይስ አይደለም» ሲል የሚያገኘውና «ነፃ አገር፣ የፌዴራል ግዛት፣ ራስ ገዝ ወይስ ተራ ክልል» ብሎ አራት ምርጫ ሲሰጥ የሚያገኘው የነፃነት ድጋፍ አይገጥምም። በአራቱ ሲጠየቅ ያንሳል።

ሁሉም ትልቅ ቁጥር እንዲህ ነው አልልም። በ1985 ሚያዝያ ኤርትራ ውስጥ 99.8 በመቶ ለነፃነት ሲባል ተመዝጋቢው ከሞላ ጎደል ሁሉ ወጥቶ ነበር። እዚያ «ማን ቀረ?» ብለህ ብትፈልግ ብዙ ሰው አታገኝም።

ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደግሞ ኒው ካሌዶኒያን ውሰድ፣ የፈረንሳይ ግዛት ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ነፃነት ድምፅ ሲሰጥ 46.7 በመቶው «አዎ» አለ። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ.፣ «አዎ» ያለው 3.5 በመቶ ብቻ ሆነ። ዜናውን ሰምቶ «ሐሳባቸውን ለወጡ» ያለ ሰው አይፈረድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ካናክ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች በኮሮና የሞቱባቸውን ሐዘን ላይ ነበሩ። «ይተላለፍልን» ብለው ፓሪስ አሻፈረኝ ስትል ቤታቸው ቀሩ። በ2020 ከመራጩ ከ85 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር፤ በ2021 የወጣው 44 በመቶ አካባቢ ነው።