መልስ፦ የጎንደርን ቤት ኪራይ ያስወደደው ስደተኛው ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ኪራዩን ያናረው ስደተኛው ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ መጀመሪያ ሰዎቹ የት እንደሚያድሩ እይ። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ያሉት ኤርትራውያን የሰፈሩት በመጠለያ ነው፤ ከሚያዝያ 2015ቱ የሱዳን ጦርነት በኋላ በመተማ የገቡትም ብዙዎቹ ያረፉት በመጠለያ ጣቢያ ነው። መጠለያ ያለ ሰው ጎንደር ቤት አይከራይም፤ የሚነካው በአካባቢው ያለውን የእህል፣ የማገዶና የጉልበት ዋጋ ነው። ከተማ የሚከራየው በአብዛኛው ከውጭ ዘመድ የሚልክለት ነው።

ለማጣራት የጎንደር ሰፈሮች በሆኑት አዘዞና ማራኪ ሁለት ዋጋ ጠይቅ፦ የአንድ ክፍል ሰርቪስ እና የሙሉ ግቢ፣ የዘንድሮውንና የአምናውን። ሙሉ ግቢው ብቻ ከዘለለ አቅም ያለው አዲስ ተከራይ ገብቷል ማለት ይቻላል። ሁለቱም አብረው ከወጡ ግን ስደተኛውን አትውቀስ፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብረቱም የማጠናቀቂያ ዕቃውም ዋጋ አከራዩን ገፍቶታል። ከገጠር ተፈናቅሎ የገባውን ወገናችንንም ቁጠር፤ እሱም ቤት ፈላጊ ነው።

ሥራ ላይ ፖሊሲው ይወስናል። የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 ስደተኛው በሕግ እንዲሠራ በር ከፍቷል። የሥራ ፈቃዱ ሲዘገይ ግን ሰውየው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ በስውር፣ በርካሽ ይሠራል። ያኔ የአገሬው ቀን ሠራተኛ ክፍያ ይወርዳል፣ ግብሩም ይቀራል፣ ቅሬታው ከዚያ ይጀምራል። ፈቃድ ያለው ግን እኩል ክፍያ መጠየቅ ይችላል።

ጥላቻውን ይበልጥ የሚያባብሰው ደግሞ የውኃ ወረፋ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል በተጎዳበት ከተማ፣ ለእንግዳው ቦቴ መጥቶ ጎረቤቱ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከቆመ የትኛውም ማስረዳት አይሰማም። ድጋፉ ለሁለቱም በአንድ ቦኖ መድረስ አለበት።