በአራቱም ጎማ ለሚነዱ መኪኖች፦ ስለ ትርፍ ጎማና ጎማ ስለማቀያየር ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ካምቢዮና ዲፈረንሻል መጠገን ነው። ጋራዣችን ከሚገቡት ኦል ዊል ድራይቭ መኪኖች ጥቂት የማይባሉት ለብልሽት የተዳረጉት ባልተመጣጠነ ጎማ ነው። በቀላሉ ሊቀር የሚችል ወጪ ስለሆነ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። የፈለጋችሁትን ጠይቁ፤ የመኪናውን ዓይነት ግን አብራችሁ ጻፉልኝ፤ መልሱ በዚያ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምነዳው ራቭ ፎር ነው። የአንዱ ጎማ ጎኑ ተቀድዶ ጎሚስታው አይጠገንም አለኝ። ሦስቱ ገና ግማሽ ዕድሜ አላቸው። አንድ ብቻ አዲስ ብገዛ ምን ችግር አለው?

ወንድሜ፣ እስቲ በቁጥር እንየው። 225/65 አር 17 የሆነ ጎማ አዲስ ሲሆን የጥርሱ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ27 ሳንቲም ያህል ይጓዛል። ጥርሱ ተበልቶ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ዙሪያው በ25 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ስለዚህ ያለቀው ጎማ ከአዲሱ እኩል ለመጓዝ በየኪሎ ሜትሩ 5 ጊዜ ያህል ትርፍ መዞር አለበት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እስክትደርስ ከ1,000 ጊዜ በላይ ማለት ነው።

በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ልዩነት የአክስሉ ዲፈረንሻል ይችለዋል። የፊትና የኋላው ልዩነት ግን የሚያርፈው ኃይል ወደ ኋላ በሚያስተላልፈው ማጣመሪያ ላይ ነው። እሱ ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡ የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉ። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ሳይቀር ሲፋተጉ ይውላሉ፤ ዘይቱ ይግላል፣ ሳህኖቹ ይቃጠላሉ።

«ሁለት አዲስ ገዝተህ ፊት ወይም ኋላ አድርግ» የሚሉህ ይኖራሉ። ለሌላ መኪና ደህና ምክር ነው፤ ላንተ ግን የፊትና የኋላውን ልዩነት እጥፍ ያደርገዋል። የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ ወይ አራቱንም ቀይር፣ ወይ ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ቁጥርና ተመሳሳይ ጥርስ ያለው ያገለገለ ጎማ ፈልግ። ትርፍ ጎማህ ሙሉ መጠን ያለውና ከሌሎቹ ጋር በየጊዜው ቦታ ሲቀያየር የኖረ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምንም ባላስጨነቀህ ነበር።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ መብዛቱን በምን አውቃለሁ?

በልብስ ሰፊ ሜትር። ጠዋት መኪናው ከመነሣቱ በፊት ንፋሱን አስተካክል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንሥተህ ሜትሩን በጥርሱ መካከል ላይ ሳታጣምም አዙረው። የተገኘውን ቁጥር በጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ጻፈው። ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም በጥርስ ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሌሎች አምራቾች ከዚህ ትንሽ ላላ ይላሉ። በጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመን፤ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ስማቸው የተለያየ ጎማዎች ሲለኩ ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነኝ፤ መኪናዬ የ2005 ፎረስተር አውቶማቲክ ነው። ትርፍ ጎማው ቀጭኗ ናት። የፊት ጎማ ቢተነፍስብኝ በእሷ ምን ያህል ልሂድ?

እኅቴ፣ ቀጭኗን ፊት ላይ አትሠሪያት። አንዱን ደህና የኋላ ጎማ ወደ ፊት አምጪና እሷን ኋላ እሠሪ። በሞተሩ ክፍል ውስጥ «ኤፍ ደብልዩ ዲ» የተጻፈበት ባዶ የፊውዝ ማስገቢያ አለ፤ ትርፍ ፊውዝ ስታስገቢበት መኪናው በፊት ጎማ ብቻ ይነዳል፣ ማጣመሪያውም ያርፋል። ሙሉው ጎማ ሲመለስ ፊውዙን ማውጣት አትርሺ። ፍጥነትሽ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ፤ የምትሄጂውም እስከ ጎማ ቤት ብቻ ይሁን። የቀጭኗ ንፋስ 60 ፒኤስአይ ነው፤ የሌሎቹን ጎማዎች እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ዛሬውኑ ለኪያት፤ ብዙዎቹ በሚፈለጉበት ቀን ባዶ ሆነው ነው የሚገኙት።

ጥያቄ፦ የእኔ ሃይሉክስ ነው፣ ሥራዬ ጅማ አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ ይመለከተኛል?

በከፊል ብቻ። ያንተ ፎር ዊል ስታስገባው ብቻ የሚሠራ ነው፤ በኋላ ጎማ ስትነዳ ፊትና ኋላ አልተቆላለፉም። ፎር ዊሉን ደረቅ አስፋልት ላይ ከተውከው ግን ጎማዎችህ እኩል ቢሆኑም እንኳ በየመታጠፊያው እርስ በርስ ይታገላሉ። ጭቃው ሲያልቅ አውጣው።

ጥያቄ፦ በየስንት ኪሎ ሜትር ይቀያየር? አቀያየሩስ?

በየ8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ኮረኮንች የሚበዛበት ሰው ቀደም ቢል ይሻላል። የኋላዎቹ ቀጥታ ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ ይመጣሉ። ትርፉ ሙሉ መጠን ካለው እንዲህ አስገባው፦ የፊት ቀኙ ወደ ኋላ ግራ፣ ትርፉ ወደ ኋላ ቀኝ፣ የፊት ግራው ወደ ትርፍ ቦታ። አምስቱም እኩል ይበላሉ። ጎኑ ላይ የአቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ ግን ጎን አይቀይርም፤ ከፊት ወደ ኋላ ብቻ።

ጥያቄ፦ ትርፍ ጎማዬ አንድም ቀን መሬት ነክቶ አያውቅም። እንደ አዲስ ልቁጠረው?

አይቁጠሩት። ጎማ ቆሞም ያረጃል። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2316 ቢል በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በእኛ 2008 ማለት ነው። 10 ዓመት የሞላውን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያስወግዱት።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ሞተር አይዲ 4 ኤሌክትሪክ መኪና አለኝ።

ፊትና ኋላህን የሚያገናኝ ዘንግ ስለሌለ የማጣመሪያ ስጋት የለብህም። ሌላ ነገር ግን ተመልከት፦ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ከሆነ ፊቱ 235፣ ኋላው 255 ስፋት አለው። ፊትና ኋላ አይለዋወጡም፤ ጎሚስታው ባያውቅ አንተ ከልክለው። ትርፍ ጎማ ከሌለህና የያዝከው የማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ፣ ፈሳሹ የምስማር ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ የተቀደደ ጎን አያድንም።

ጥያቄ፦ ወደ ሰመራ ስወርድ ሙቀቱን ፈርቼ ንፋስ ላስቀንስ?

አታስቀንስ። ስትወርድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ የሚታየው ንፋስ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ሁለቱ ይቀራረባሉ። እዚያ አድረህ ጠዋት ጎማው ሳይግል ለካና በበሩ ጠርዝ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየው።

ጥያቄ፦ ጎማ ካስቀያየርኩ በኋላ የማደርገው ነገር አለ?

አዎ። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ብሎኖቹን በድጋሚ አጥብቅ፤ በዙር ሳይሆን በተቃራኒ እያፈራረቅህ።