ዶክተር፣ ደም ሥሬ ውስጥ አረፋ ሊወጉኝ ነው!

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ምርመራ ነው፤ በኮንትራስት ስለሚሠራ አልትራሳውንድ። በክንድ ደም ሥር ትንሽ መድኃኒት ይሰጥና ደሙ እንዴት እየሄደ እንደሆነ በስክሪን ይታያል። ፍርሃቱም ግራ መጋባቱም ስለሚገባኝ አምስቱን እዚህ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ የሌሎቹም ግማሽ መልስ እሱ ውስጥ ስላለ ሳትዘሉ አንብቡት።

«ዶክተር፣ ዕድሜዬ 46 ነው። የሐሞት ጠጠር ይሆናል ተብሎ አልትራሳውንድ ስነሳ ጠጠሩ ቀርቶ ጉበቴ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን እብጠት ተገኘች። ሐኪሙ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ግን በኮንትራስት እንየው አለኝ። ኮንትራስቱ ምንድን ነው ስለው ጋዝ ያለበት አረፋ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አየር ደም ሥር ውስጥ ከገባ ይገድላል ሲባል አይደል ያደግነው? ደግሞስ መጀመሪያ ያላየውን አሁን ምን ሊያይ ነው?»

እንቅልፍ የነሳዎትን ላስቀድም። ይሄ አረፋ አይገድልዎትም። ገዳይ የሚሆነው ብዙ አየር በአንዴ ገብቶ ልብ ወይም ሳንባ ላይ የደሙን መንገድ ሲዘጋው ነው። ለእርስዎ የሚሰጥዎት ግን በዓይን የማይታይ ነው። የአንዱ አረፋ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ እንኳ 7 ወይም 8 ይሆናል። ሕዋሱ ሾልኮ በሚያልፍበት ቀጭን ደም ሥር አረፋው እንደ ልቡ ያልፋል። ሶኖቪዩ የሚባለውን መድኃኒት ብንወስድ በአንድ መርፌ የሚገባው ጋዝ ሁሉ ቢጠራቀም አንዲት የውሃ ጠብታ አያክልም።

ውስጡ ያለውም ተራ አየር አይደለም። ተራ አየር ደም ውስጥ ወዲያው ሟሙቶ ይጠፋል። ስለዚህ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል፣ ደም ውስጥ በቀላሉ የማይሟሟ ከባድ ጋዝ ተመርጦ በስስ የቅባት ሽፋን ይጠቀለላል። ለጥቂት ደቂቃ ከደም ጋር ይዞራል፣ ከዚያ ጋዙ ሳንባ ደርሶ በትንፋሽ ይወጣል። በቃ። ሲወጣም አይታወቅዎትም። አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ፤ አውሮፓ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ እየተሠራበት ነው፣ አሜሪካም ለጉበት ምርመራ በ2016 ፈቅዳዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። መጀመሪያ ያላየውን ምን ሊያይ ነው? ሰዓቱን ነው።

ተራው አልትራሳውንድ የእብጠቷን ቅርፅ ያሳያል፤ ጠቆር ያለች ናት ወይስ ነጣ ያለች፣ ዳሯ ጥርት ያለ ነው ወይስ የተዘበራረቀ። ማንነቷን ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ሩብ ያህሉ ከልብ ወጥቶ በደም ቅዳ በቶሎ ይደርሳል፤ ሦስት አራተኛው ግን መጀመሪያ አንጀትን ዞሮ በፖርታል ደም ሥር በኩል ዘግይቶ ይመጣል። ጤነኛው ጉበት በአብዛኛው የሚኖረው በዚህ በዘገየው ደም ነው። የጉበት ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው በደም ቅዳው ነው። እንግዲህ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደበራ፣ የትኛውስ ቀድሞ እንደጠፋ ከታየ ብዙ ነገር ይለያል ማለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ክንድዎ ላይ ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ፣ ይገባል። ነጣ ያለ ፈሳሽ፣ ብዙውን ጊዜ 2.4 ሚሊ ሊትር፣ በመርፌ ይገፋል፤ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ይከተለዋል፤ ማሽኑ ላይ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። መጀመሪያ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ደም ቅዳዎቹ ብልጭ ይላሉ። እስከ 30 ወይም 45 ሰከንድ ድረስ የደም ቅዳው ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ 2 ደቂቃ የፖርታሉ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አረፋው እስኪያልቅ፣ እስከ 4 ወይም 6 ደቂቃ ድረስ፣ ማን በርቶ እንደቀረ ማን እንደጠቆረ ይታያል።

እብጠቷ ሄማንጂዮማ ከሆነች፣ ማለትም ከደም ሥር የተሠራች ጉዳት የሌላት ነገር ከሆነች፣ መጀመሪያ ዳር ዳሯ ላይ ቁርጥራጭ ብርሃን ይታያል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይሞላል። ከበራች በኋላ ከጉበቱ ቀድማ አትጠፋም። በአጋጣሚ ከሚገኙት ጠጣር የጉበት እብጠቶች በብዛት የምትታየው እሷ ናት፣ እኔም ያንን ምስል ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ታማሚውን ያለ ናሙና፣ ያለ ሌላ ጣጣ ወደ ቤት የሚያስመልስ ምስል ነውና። ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰር ግን ቶሎ በርቶ 60 ሰከንድ ሳይሞላ መጥቆር ይጀምራል። 2 ደቂቃ ሲሆን በበራው ጉበት መሃል ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ከራሱ ከጉበት የሚነሳው ካንሰር፣ በተለይ ሲሮሲስ (የጉበት መጠባሰስ) ባለበት ሰው ላይ፣ በደም ቅዳው ጊዜ ቦግ ይልና ከ60 ሰከንድ በኋላ በዝግታ ነው የሚደበዝዘው፤ ያውም ትንሽ ብቻ። ለዚህ ነው መርማሪው «ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አይነቃነቁ» እያለ የሚጨቀጭቅዎት። ይታገሡት። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ካመለጠ እንደገና መወጋት ሊያስፈልግ ነው።

አንድ ነገር ሳይደብቁ ይንገሩ። ከዚህ በፊት ይሄ መድኃኒት ተሰጥቶዎት አለርጂ ካስነሳብዎ፣ ወይም ፖሊኢትሊን ግላይኮል ለሚባለው ነገር አለርጂ ካለብዎ (አንጀት ለማጠብ በሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥ አለ)፣ ይሄ ምርመራ ለእርስዎ አይሆንም። ከባድ አለርጂ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚከሰተው፣ ከ10,000 ሰው አንድ ያህል። ግን ሲከሰት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ድንገተኛ መድኃኒቱ እዚያው ክፍል ሊኖር ይገባል፤ እርስዎም ከምርመራው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ይቆዩ። ልሂድ ብለው አይቸኩሉ።

«አባቴ ኩላሊታቸው ደክሟል። አንደኛው ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ነገር ታየ፣ ውስጡ ደግሞ ግድግዳ ነገር አለበት ተባለ። የሲቲ ስካኑን ኮንትራስት ኩላሊታቸው አይችለውም አሉን። ይሄኛውስ አይጎዳቸውም?»

አይጎዳቸውም። ጋዙ በሳንባ ይወጣል፣ ሽፋኑን ሰውነት እንደ ማንኛውም ቅባት ይጠቀምበታል። አረፋው በኩላሊት አይወጣም። እንደ ሲቲ ስካኑ ኮንትራስት አዮዲን የለውም፣ ጨረርም የለም። ለኩላሊት ተብሎ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) አስቀድሞ መለካት እንኳ አያስፈልግም።

ለአባትዎ ችግር ደግሞ በጣም ይመቻል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ያ ግድግዳ ደም አለው ወይስ የለውም? የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ኮንትራስት ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋው መካከል ይሰርጋል። አረፋው ግን ከደም ሥር አይወጣም። ስለዚህ አረፋ የታየበት ቦታ ሁሉ ደም የሚሄድበት ቦታ ነው፤ በቀጭኑ ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ሲንሸራተቱ ይታያሉ። ምንም ካልገባ ደግሞ ያ ትልቅ የምሥራች ነው።

የማይችለውንም ልንገርዎ። አልትራሳውንድ የሚያየው ፕሮቡ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያዘው የማሽኑ እጀታ፣ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው። ሆድ ውስጥ ሌላ ቦታ ያለውን እንደ ሲቲ በአንድ ጊዜ አጠቃሎ አያሳይም፤ የአንጀት ጋዝና ብዙ ስብ ካለም ምስሉ ይደክማል። አባትዎ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

«የ3 ዓመት ልጄን የሽንት ኢንፌክሽን እየመላለሰ ያስቸግራታል። ሽንቷ ወደ ኩላሊት ይመለስ እንደሆነ በአረፋ እንመርምር አሉ። ደም ሥሯ ሊወጋ ነው?»

አይወጋም፣ አይዞሽ። እዚህ አረፋው የሚገባው በቀጭን ቱቦ ፊኛዋ ውስጥ ነው። ከዚያ ስትሸና አረፋው ሽቅብ ወደ ኩላሊት ይሄድ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ይታያል። ለዚህ የሚሠራው የቀድሞው ምርመራ ኤክስሬይ ይጠቀማል፤ ይሄኛው ጨረር ስለሌለው ተረጋግቶ ደጋግሞ ማየት ይቻላል። ደስ የማይላት ቱቦው ሲገባ ነው። አጠገቧ ሁኚ፣ ምን እንደሚደረግ ቀደም ብለሽ በቋንቋዋ ንገሪያት።

«አልትራሳውንድ ክፍል የምሠራ ወጣት ባለሙያ ነኝ። ዶፕለር እያለ ኮንትራስት ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ አልገባኝም። አንዴ ሲሠራ ሳይ ደግሞ አረፋው በርቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ምስሉ ጠፋ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ዶፕለር፣ አልትራሳውንድ ያለ ኮንትራስት የደምን ፍሰት የሚያይበት ዘዴ፣ የሚይዘው እንቅስቃሴን ነው። ችግሩ፣ ሰውነት ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ይተነፍሳል፣ ልብ ይመታል። ማሽኑ ያንን ለማጥፋት ዝግ ያለውን እንቅስቃሴ ሁሉ በማጣሪያ ያስወግዳል። በቀጭን ደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ደግሞ በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ፍጥነት ስላለው አብሮ ይጣላል። ዶፕለር ደም አላሳየም ማለት ደም የለም ማለት አይደለም። ይቺን ያዛት።

አረፋው የሚታየው በእንቅስቃሴው አይደለም። የድምፁ ግፊት ሲመጣበት ይጨመቃል፣ ሲለቀው ይለጠጣል፤ ግን ሲጨመቅና ሲለጠጥ እኩል አይሆንም። ሥጋ በዚህ መጠን አይዛባም። ማሽኑ አንድ ምት ይልክና ቀጥሎ የእሱን ተቃራኒ ይልካል፣ የተመለሱትን ይደምራል። ከሥጋ የመጣው ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል፣ ከአረፋው የመጣው ይቀራል። ኮንትራስቱ ከመድረሱ በፊት ስክሪኑ የሚጨልመው ለዚህ ነው።

ስለ ጠፋው ምስል፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሜካኒካል ኢንዴክሱን፣ ማለትም የድምፁን ኃይል የሚያሳየውን ቁጥር፣ ነው። የድምፁ ኃይል ከፍ ካለ አረፋው ይፈነዳል። ብዙ ማሽን ላይ ለዚህ ሥራ ከ0.1 በታች ወይም እዚያው አካባቢ ይደረጋል፤ 0.3 ካለፈ አረፋህን እየጨረስከው ነው። ኃይሉ ልክ ቢሆንም ፕሮቡን አንድ ቦታ ላይ ሳያነሱ መያዝ እዚያ ያለውን አረፋ ይፈጃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ አየት እያደረግክ አንሳው፣ ምስሉን አቁመው፣ ቆይተህ ተመለስ። መርፌውንም እይ። በቀጭን መርፌ በኃይል የተገፋ አረፋ ደም ሥር ሳይደርስ ይሰበራል፤ 20 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው) ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት ካልተናጠም አረፋው ላይ ተንሳፎ ይቀርና የምትቀዳው ባዶውን ፈሳሽ ይሆናል።

መፈንዳቱ ራሱ ደግሞ ጥቅም አለው፤ እኔ ከዚህ ሙያ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። ሆን ብለህ ለአፍታ ከፍተኛ ኃይል ትለቅና ያየኸው ቦታ ያለውን አረፋ ሁሉ ታጠፋለህ። ስክሪኑ ጭልም ይላል። ከዚያ ኃይሉን ዝቅ አድርገህ አዲስ ደም ይዞት የሚመጣው አረፋ ቦታውን እስኪሞላ ትጠብቃለህ። በስንት ሰከንድ ሞላ? ያ የደሙ ፍጥነት ነው። እስከ ስንት ደመቀ? ያ የደሙ መጠን ነው። የልብ ጡንቻ ደም እየደረሰው እንደሆነ በዚህ መንገድ ይታያል።

«ዕድሜዬ 34 ነው። ቀላል ስትሮክ መትቶኝ ነበር። ልቤ ላይ ቀዳዳ መኖሩን ለማየት ሳላይን በጥብጠው ሊወጉኝ ነው። ይሄም ያው አረፋ ነው?»

አይደለም፣ ሐሳቡ ግን ዘመድ ነው። እንዲያውም የዚህ ሁሉ መነሻ እሱ ነው፤ ግራሚያክና ሻህ የተባሉ ሐኪሞች በ1968 ባሳተሙት ሥራ ወደ ልብ አካባቢ ፈሳሽ ሲገፋ በአልትራሳውንድ ላይ ደመና እንደሚታይ አሳይተዋል፤ ደመናው ከአረፋ የመጣ ነበር። ሳላይኑ ከትንሽ አየር ጋር በሁለት ስሪንጅ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲገፋ የሚወጣው አረፋ ትልቅ ነው፣ ሽፋንም የለውም። የሳንባ ቀጭን ደም ሥሮች ያስቀሩታል። ስለዚህ የልብዎ ቀኝ ክፍል በአረፋ ይሞላል፣ ግራው ግን ንጹሕ መሆን አለበት። በ3 የልብ ምት ውስጥ ግራው ላይ ከታየ በልብ በኩል መሻገሪያ አለ ማለት ነው። ዘግይቶ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ሳንባ ይዞራል። ምርመራው ላይ ትንፋሽ ይዘው፣ ሰገራ እንደሚያስቸግረው ሰው ወደ ታች ይግፉ ሲሉዎት በደንብ ይግፉ፤ ቀዳዳው ለአፍታ የሚከፈተው ግፊቱን ሲለቁት ሊሆን ይችላል።

ቢገኝም አይደንግጡ። ይሄ መሻገሪያ ከ4 አዋቂ ሰዎች በአንዱ ላይ አለ፣ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይኖራል። የስትሮክዎ ምክንያት እሱ ነው ለማለት ሌሎቹ ምክንያቶች መጀመሪያ መፈተሽ አለባቸው። ውጤቱን ሲቀበሉ ሐኪምዎን አረፋው በስንተኛው ምት እንደታየና ብዛቱ ምን ያህል እንደነበር ይጠይቁት፤ መሻገሪያው ይደፈን አይደፈን ሲወሰን ሁለቱም ይታያሉ።