የአጃ ዳቦ በማር፦ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሁለት ብርጭቆ የአጃ ዱቄት፣ ሁለት ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄትና ግማሽ ብርጭቆ ማር አቡክቼ በኦቨን ጋገርኩ። ላዩ ቶሎ ጠቆረ፤ መሃሉ ግን ሰርጉዶ ስቆርጠው ቢላዋው ላይ ይጣበቃል። እርሾው ይሆን የበደለኝ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ እርሾው አልበደለም፤ ልኩ ነው የተዛባው። አጃ ሊጥን አያይዞ አየር የሚይዘው የስንዴ ግሉተን የለውም። እኩል ለእኩል ሲቀላቀል ዳቦው ኩፍ ይልና የሚሸከመው አጥቶ ይወድቃል። አጃው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ፣ ቢበዛ አንድ አራተኛ ይሁን። ማሩም በዝቷል፤ ሲበዛ የእርሾውን ሥራ ያዘገያል፣ ቅርፊቱንም ውስጡ ሳይበስል ያጠቁረዋል።

ለአንድ ዳቦ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም የተዳመጠ አጃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሩብ ደረቅ እርሾ ይበቃል። አጃውን ብቻውን በ250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ክዳን ይግጠሙበት። የተዳመጠ ከሆነ 30 ደቂቃ፣ ቅንጬ ከሆነ ሌሊቱን ይደር። ይህን እርምጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ያልራሰ አጃ ግን ውሃውን ከሊጡ ስለሚመጥ ዳቦው ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። አጃው ጣት ሲገባበት ለብ እስኪል ካልቀዘቀዘ እርሾው ይሞታል። እርሾውን በ80 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃና በትንሽ ማር በጥብጠው አረፋ ሲይዝ ሁሉን ያዋህዱ፤ ከዚያ 10 ደቂቃ ያሹት። ሊጡ እጅ ይይዛል። ዱቄት አይጨምሩበት፤ እጅዎን ዘይት ይቀቡ።

አካባቢያችሁ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ሁለት ነገር ይለያል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሊጡ ቶሎ ይነፋል፤ ብርዱ ደግሞ መልሶ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሰዓት አይቁጠሩ፣ ሊጡን ይዩ፦ እጥፍ ሲሆን ቅርጽ አስይዘው መጋገሪያው ውስጥ ያስቀምጡና እንደገና ኩፍ ይበል። በእርጥብ ጣት ጫን ሲሉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ግማሹን ብቻ ከተመለሰ ጊዜው ደርሷል። ወዲያው ከሞላ ገና ነው፤ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፏል፤ መሃሉ የሚሰረጉደውም ያኔ ነው። ሁለተኛው፣ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የዳቦው ውስጥ ከዚያ በላይ አይግልም፤ መቆየት አለበት። በ190 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይጋገር፤ 20 ደቂቃ ሲሞላው ላዩን በፎይል ይሸፍኑት። ታቹን ሲያንኳኩት ድምፁ ባዶ ነገር እንደመምታት ይሁን። ሳይቀዘቅዝ አይቁረጡት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ትኩሱን የቆረጠ ሰው የበሰለውንም ዳቦ «ሊጥ ነው» ይላል።

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም። በኤሌክትሪክ ምጣድ ስጋግር ታቹ ያርራል። (ከሰበታ)

መልስ፦ ለእንጀራ የሚበቃው ግለት ማር ላለው ሊጥ ይበዛል። ምጣዱ ላይ ቁንጥር ዱቄት በትነው ይዩ፤ በጥቂት ሰከንድ ከጠቆረ አጥፍተው ይጠብቁ፣ ቀስ ብሎ ቢጫ ከሆነ ልክ ነው። ኮባውን አከርካሪውን አውጥተው፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርገው ሁለት ድርብ ያንጥፉ። ሊጡ ከሦስት ጣት ውፍረት አይለፍ። በአክንባሎ ገጥመው፣ እያበሩና እያጠፉ 25 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ በሰፌድ ታግዘው ይገልብጡትና ሌላ 15 ደቂቃ ይስጡት። ላዩ እንደ ኦቨኑ አይጠበስም፤ ድፎ የለመደ ሰው ግን አይከፋበትም።

ጥያቄ፦ ያለኝ ማር ሰፈፍ ያለበትና የረጋ ነው። ይሆናል? የ9 ወር ልጄስ ዳቦውን መቅመስ ይችላል? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ማሩ ይሆናል፤ መርጋቱ ብቻውን ስኳር የተቀላቀለበት መሆኑን አያሳይም። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ሲላላ በንጹሕ ሻሽ ያጥልሉት። ሰፈፉ ከቀረበት ዳቦው ውስጥ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ነገር ይገኛል። ለልጅዎ ግን አይስጡት። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተህዋስ በዳቦ መጋገሪያ ሙቀት ስለማይጠፋ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የተጋገረ ማርም ክልክል ነው። ለእርሱ ያለ ማር ትንሽ ዳቦ ለብቻው ይጋግሩለት።