ተራ የሚጠብቅ ልጅ አይጠነክርም

ዘንድሮ ተመርቃችሁ የሰውነት ማጎልመሻ ልታስተምሩ ለምትገቡ ልጆቼ፤

በዚህ ሙያ ሰላሳ ዓመት ቆይቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያስተማርኩት በከተማው ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ነው። ስልሳ ተማሪ፣ ሁለት ኳስ፣ አንድ ጠባብ ሜዳ። ብዙዎቻችሁን የሚጠብቃችሁም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ሰዓቴን ይዤ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪን ብቻ ተከታተልኩ። ኮንጎ ጫማ ተጫምታለች፤ እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሰብስባ ተሰልፋለች። ተራዋ ሲደርስ ኳሱን በድንጋዮቹ መካከል እየነዳች ሄዳ ትመለስና ከሰልፉ ጭራ ትቆማለች። ከ40ው ደቂቃ የተንቀሳቀሰችው አራት ደቂቃ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። የሰፈሯ ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ እኔ ካላንቀሳቀስኳት ማን ያንቀሳቅሳታል? ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሳምንቱ ሜዳውን በኖራ ከፋፈልኩት። አራት ለአራት፤ ግቡ ሁለት ድንጋይ፤ ኳሱ ልጆቹ ራሳቸው ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩት። ግማሹ ሲጫወት ግማሹ ዳር ላይ ገመድ ይዘላል፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታል። ሰኞ ማክሰኞን እንዳትንቁ! በአንድ እግር መዝለል አጥንትና ጡንቻ ያጠነክራል፣ ሚዛን መጠበቅም ያስተምራል። በትንሽ ሜዳ ላይ መደበቂያ የለም። ልጁ ይሮጣል፣ ድንገት ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይሮጣል፤ ፍጥነቱም ቅልጥፍናውም ትንፋሹም በጨዋታው መሀል አብረው ይገነባሉ።

አደራ፣ ሩጫን ቅጣት አታድርጉት። ያረፈደውን ሁሉ «ሜዳውን አምስት ዙር!» የምትሉት ከሆነ ሩጫን እንዲጠላ እያስተማራችሁት ነው። የአበበ ቢቂላና የደራርቱ ቱሉ አገር ልጅ ሩጫን እንዲህ ሊያውቀው አይገባም።

የልጆቹን ብቃት ስትለኩ የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ፣ ማለትም በ20 ሜትር ርቀት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ መሮጥ፣ ይበቃል፤ ጥቅምት ላይ አንዴ፣ ግንቦት ላይ አንዴ። ውጤቱን በደረጃ አትጥሩ፤ እያንዳንዱን ከራሱ ጋር አወዳድሩ። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ካለ ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት እንጂ በጓደኞቹ ፊት አታስሩጡት።

ያቺ ልጅ በግንቦት ከጥቅምቱ ዘጠኝ ምልልስ ጨመረች። ቁጥሩን ስነግራት መዝገቡን ከእጄ ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ «መምህር፣ እንደገና ልሩጥ?» አለችኝ።